በጣና ዳር ለሚያዝያ ማራቶን፦ የአማተር ሯጮች የጋራ ልምምድ

በባሕር ዳር ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ሰው አንድ ጥያቄ አያመልጠውም። «አትሌት ነህ?» ይባላል። አይደለሁም ካለ ደግሞ «ታዲያ ማን አባረረህ?» ይከተላል። ሩጫ በአገራችን እንጀራም ክብርም ነው። ስለዚህ ለሜዳሊያም ለገንዘብም ሳይል 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ጨርሶ ለመግባት ብቻ የሚለፋ ሰው ለብዙዎች ግራ ነው። አማተር ሯጭ የምንለው ይህንን ሰው ነው። ቀን ባንክ ወይም ክሊኒክ ይሠራል፣ ያስተምራል፣ ሱቁን ይከፍታል። ሩጫውን ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ያደርሳል። ብቻውን ግን ብዙም አይዘልቅም። ለዚህ ነው አምስት ስድስት፣ አንዳንዴም አሥር አሥራ አምስት ሆነው የሚሰባሰቡት።

ብዙ ሰው አብሮ መሮጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተሳትፎበታል። የእሑድ ጠዋት ማስ ስፖርትም በየከተማው አለ። ማራቶን ግን ሌላ ነው። 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ወር ዱብ ዱብ ሊወጡት ይችላሉ። 42 ኪሎ ሜትር አራት ወር ገደማ ይጠይቃል።

ሚያዝያ የማራቶን ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው የቦስተን ማራቶን አሁን የሚሮጠው በፈረንጆቹ አፕሪል ሦስተኛው ሰኞ ላይ ነው። ፓሪስ፣ ሮተርዳምና ለንደንም በዚያው ሰሞን ናቸው። እነዚህ ውድድሮች ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 ቦስተንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። ሲሳይ ለማ በሚያዝያ 2016 እዚያው በ2:06:17 አንደኛ ወጥቷል። ትዕግሥት አሰፋ በሚያዝያ 2017 ለንደን ላይ 2:15:50 ስትገባ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ለአማተር ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ቦስተን የማጣሪያ ሰዓት ይጠይቃል፣ ለንደን ዕጣ ያወጣል፣ ቪዛና ትኬቱ ከሁለቱም ይከብዳል። እኔ የማውቃቸው የባሕር ዳር ሯጮች አብዛኞቹ ቀኑን ይዘው ርቀቱን እዚሁ ነው የሚሮጡት። ልምምዱ ያው ነው።

ፈረንጆቹ እነዚህን የፀደይ ማራቶን ይሏቸዋል። እኛ ጋ ስሙ ትንሽ ያከራክራል። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ፀደይን ከመስከረምና ከአደይ አበባ ጋር ነው የተማርነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ ሚያዝያ መሀሉ ላይ ያርፋል። ስሙ የቱም ይሁን፣ ለባሕር ዳር ሯጭ ሚያዝያ ማለት ሁለት ነገር ነው፦ ሙቀትና የጾም መጨረሻ። አውሮፓ ያለ ሯጭ በብርድና በበረዶ ተለማምዶ ቀዝቀዝ ባለ አየር ይወዳደራል። የእኛ ከተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የዓመቱን ሞቃት ወራት ታሳልፋለች። እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ስለዚህ መነሻ ሰዓቱ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ ቢዘገይ 11 ተኩል።

ጾሙን ከሙቀቱ በላይ ላየው እወዳለሁ፤ ስለ ማራቶን ልምምድ የሚጻፉ ነገሮች ይህንን አያነሡትምና። የ2017ን ዓ.ም. እንውሰድ። የቦስተን ማራቶን ሚያዝያ 13 ላይ ዋለ፤ የፋሲካ ማግስት ማለት ነው። የተለመደውን የ16 ሳምንት ዝግጅት ወደ ኋላ ብንቆጥር ታኅሣሥ 21 ላይ እንጀምራለን፤ ከገና ስምንት ቀን ቀደም ብሎ። ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነበር። እንግዲህ ከ16ቱ ሳምንት የመጨረሻዎቹ 8 በሙሉ ጾም ናቸው። ከባዱ ልምምድ፣ ረጃጅሙ ሩጫ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ረመዳንም የካቲት 22 ገብቶ ስለነበር፣ በአንድ ቡድን ውስጥ የሁለቱም እምነት ሰዎች እኩል ይጾሙ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይቻላል? በሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው፣ ሌሊት ሮጦ ውሃ ሳይቀምስ ቀኑን ከዋለ ሰውነቱ ይጎዳል። እንዲህ ያለው ሰው የሳምንቱን ቀናት ሩጫ ወደ ማታ 11 ሰዓት ያዞረዋል። ይሞቃል፤ ግን ምሳው ሆዱ ውስጥ አለ፣ ከሩጫ በኋላም እራቱ ይጠብቀዋል። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ይደረጋል። ለዚህ ምክንያት አለው። ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ እንዳለ ቢሆንም፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር በሰዓት መቆየት የለም። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ በመንገድ ላይ ውሃም በሶም ይጠጣል። የረመዳን ጿሚዎች ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ሩጫ ይሮጣሉ፤ ጠንከር ያለውን ካፈጠሩ በኋላ ያደርጉታል፤ ርቀታቸውንም ይቀንሳሉ። ጤናው የሚያሰጋው ሰው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩንም ማማከር አለበት። ይህንን ከልቤ ነው የምለው።

ምግቡ ራሱ አያስቸግርም። እንዲያውም የጾም ማዕዳችን ለሯጭ የተሰናዳ ይመስላል። በሶ ከተቆላ ገብስ የሚፈጭ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ስኳርና ጨው ሲገባበት ለሁለት ሰዓት ሩጫ ስንቅ ይሆናል። ሽሮና ምስር ጡንቻ ይጠግናሉ። ተልባ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ቴምር አለ። ጤፍና ዳጉሳ ብረት አላቸው። ብዙ ሯጭ የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው እንደበሉ የሚጠጣ ሻይና ቡና ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ይከለክላል። አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ሎሚ ግን ያግዛል።

ሰሙነ ሕማማት ሌላ ጉዳይ አለው። የማራቶን ልምምድ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይቀንሳል፤ እግር አርፎ ኃይል እንዲያጠራቅም ነው። ሕማማት ደግሞ የስግደት ሳምንት ነው። ስቅለት ዓርብ ቀኑን ሙሉ የሰገደ ሰው ቅዳሜ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል፤ ጭኑ ይያያዛል። በ2017 በዚያ ዓርብና በቦስተን ሰኞ መካከል ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ስገዱ ወይም አትስገዱ ማለት የማንም ሯጭ ሥልጣን አይደለም። የሚሰግድ ሰው ግን ይህንን አስቀድሞ ያውቀውና የዚያን ሳምንት ሩጫ ጨርሶ ይቀንስ። ስግደቱ ራሱ ልምምድ ነው።

ከተማዋ ለሩጫ ትመቻለች። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ዋናዎቹ አትሌቶች ከፍ ወዳለው ይሄዳሉ። ለአማተር ግን ይህ ከፍታ ልከኛ ነው። አየሩ ሳሳ ቢልም አያፍንም፤ ከባሕር ጠለል አጠገብ ባለ ከተማ ሲወዳደሩ ደግሞ ትንፋሽ ይቀላል። መንገዱ ሜዳ ነው። ብስክሌት የበዛባት ከተማ የሆነችውም በዚሁ ነው። ከጊዮርጊስ ተነስቶ የሐይቁን ዳር መያዝ ይቻላል። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ የእግረኛና የብስክሌት መስመርም አለው። ደርሶ መልሱ 760 ሜትር ስለሆነ ለፍጥነት ልምምድ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። አንዱን ጉዞ ጠንከር፣ መልሱን ለዘብ ማድረግ ነው። ዳገት የሚፈልግ ወደ ቤዛዊት ይወጣል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከላይ ሆኖ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ያያል። አስፋልት ብቻ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱንና ቅልጥሙን ያመዋል። ስለዚህ በሳምንት አንዴም ቢሆን ወደ ኮሮኮንች ወይም ወደ አፈር መንገድ መውጣት ጥሩ ነው። በዘጌ በኩል ያለው የቡና ጫካ ጥላ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም።

ከከተማ መውጣት ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት የሰዓት እላፊ የታወጀባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቡድኖች ሰዓታቸውንና መንገዳቸውን እንደ ሁኔታው ይቀይራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ትንሽ ዙር እየደጋገሙ መሮጥ ይሻላል። ማታ በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስለሚወጣ ከሣሩ መራቅ ነው። ወባም አለ። ትኩሳትና ቁርጥማት የተሰማው ሰው «የልምምድ ድካም ነው» ብሎ መሮጥ የለበትም፤ ቀጥታ ምርመራ ይሂድ።

ሰው አብሮ መሮጥን የሚያስበው አንዱ ሌላውን እንዲጎትት ነው። እኔ ያየሁት ትልቁ ጥቅም ግን መያዙ ነው። አማተር ብቻውን ሲሆን ሁልጊዜ ይፈጥናል። ቀላል መሆን ያለበትን ሩጫ ያከብደዋል፣ ከዚያ ከባዱ ቀን ሲመጣ እግር የለውም። በደህና ቡድን ውስጥ የረጅም ሩጫ ሕግ አንድ ነው፦ እያወራችሁ ሩጡ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ሌሎቹ «ቀስ» ይሉታል። ይህ የማይረባ ምክር ይመስላል። ግን ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር እስከ 30 ወይም 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚያደርሰው። ቀስ ብሎ የሮጠ ስቡን ማቃጠል ይለምድና ስኳሩን ይቆጥባል። እኔ በአንድ የመጋቢት ቅዳሜ ይህንን ጥሼ ከአንድ ፈጣን ወጣት ጋር ወደፊት ሄድኩ። 24ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዓይኔ ጭጋግ ሆነ፣ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ትቻቸው የሄድኳቸው ሰዎች እየተጫወቱ መጥተው ደረሱብኝ። ውሃ ሰጡኝ፣ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጡኝ።

ብስክሌቱን ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ላይ ረጅም ሩጫ የሚወጣ ቡድን የብስክሌት ሰው ካለው ታድሏል። የእኛው ጉልበቱን ታሞ ሩጫ ያቆመ ጓደኛችን ነው። የኋላ መጫኛው ላይ የፕላስቲክ ሳጥን ያስራል። ሳጥኑ ውስጥ የየሰው ሃይላንድ አለ፤ አንገቱ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ይታሰርበታል። ቀዩ ክር አብራን የምትሮጠው የነርሷ ነው፤ ሎሚ፣ ስኳርና ጨው የገባበት። ጠቆር ያለው የእኔ በሶ ነው። አረንጓዴ ክር የታሰረበት የሙስሊሙ ጓደኛችን ነው። በረመዳን ቅዳሜ ከእኛ ጋር 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ሮጦ ይመለሳል። ያንን ውሃ አናቱ ላይ ያፈሰዋል እንጂ አይጠጣውም። ብስክሌተኛው በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቀድሞ ይሄድና ወርዶ ይጠብቃል፤ ሃይላንዶቹን በክራቸው እየለየ ያቀብላል። ማን እንዳነከሰ፣ ማን ላቡ እንደቆመ፣ ማን ዝም እንዳለ የሚያየው እሱ ነው። «አንተ ዛሬ ይብቃህ» ካለ ክርክር የለም።

ሴቶች ያለ ቡድን ይህን ሰዓት አያገኙትም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ከውሻው በላይ ሰው ያሰጋታል። ቀን ስትሮጥ ደግሞ ለከፋ አለ። ስለዚህ ደህና ቡድን ሴቶቹን ከየቤታቸው ደጃፍ እየተቀበለ ይሄዳል፣ ሲመለስም ደጃፍ ያደርሳል። ወንዶች ቀደም ቀደም ካሉ ሴቶቹ ጨለማ ላይ ይቀራሉ። ይህንን ያልተረዳ ወንድ በቡድኑ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም እላለሁ።

ወጪው ጫማ ላይ ነው። ጥሩ የሩጫ ጫማ ውድ ስለሆነ ብዙዎች ከልባሽ ይመርጣሉ። ሶሉን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ነው። ከደነደነ ወይም በአንድ በኩል ከተበላ፣ ውብ ቢሆንም ይተው። ሰዓትና አፕሊኬሽን ለሌለው ሰው በድልድዩ ርዝመት መቁጠር ይበቃዋል።

ረጅሙ ሩጫ ከ15 ኪሎ ሜትር ተነስቶ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እየጨመረ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሶ እያረፈ፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው 30 ወይም 32 ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ መሄድ ትርፉ ጉዳት ነው። የቀረውን 10 ኪሎ ሜትር የውድድሩ ቀን ይወስነዋል።

ማራቶኑ ካለፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሩጫ የለም። የእግር መንገድ፣ ዋና የሚችል ዋና። እንደ 2017 ባለ ዓመት ይህ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ላይ ይውላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ የተጎዳው ጡንቻ ወተቱን፣ እንቁላሉንና ሥጋውን በየቀኑ ያገኛል። ሣጥኑ ከብስክሌቱ ላይ ይፈታል። ክሮቹ ግን ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ይቀመጣሉ።