ለበግ የሆነ መድኃኒት ለድመት ምን ይሆናል?

ደብረ ብርሃን እንስሳት ሳክም ሁሌ የምሰማት ነገር አለች። «ለበጉ ከተገዛው ተርፎ ነበር፤ ለድመቷም ትንሽ ሰጠኋት።» እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል። ያቺ «ትንሽ» ናት ዓይን የምታጠፋው።

የማወራው ኤንሮፍሎክሳሲን ስለሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ይሰጣል። ለድመት ግን በቀን ከ5 ሚሊግራም በኪሎ ማለፍ የለበትም። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ሚሊግራም ማለት ነው። የ10 ፐርሰንቱ ብልቃጥ በ1 ሲሲ 100 ሚሊግራም ይይዛል። «አንድ ሲሲ ብቻ» ያለ ሰው ከስድስት እጥፍ በላይ ሰጥቷል!

ለምን ድመት ብቻ? በሌሎች እንስሳት ዓይን ውስጥ መድኃኒቱን ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) እየገፋ የሚያስወጣ ፕሮቲን አለ። የድመት ይሄ ፕሮቲን በደንብ አይሠራም። መድኃኒቱ እዚያው ይጠራቀማል፤ ብርሃን ሲያገኘው ሬቲናውን ይጎዳል።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ከመንዝ ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቁስሏስ ድኗል። አይጥ አጠገቧ ሲያልፍ ግን አታይም» አሉኝ። ወደ በሩ ወስጄ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። በቀትር ፀሐይ ብሌኗ እንደ ክር መቅጠን ነበረበት። እንደ ሌሊት ተበልጥጦ ቀረ። የበጉን መድኃኒት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሲሲ ተወግታለች።

«ዓይኗ ንጹሕ ስለሆነ ታያለች» የሚሉም አሉ። ጉዳቱ ከኋላ ነው፤ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል።

«ካቆምነው ይመለስላታል?» ቶሎ ከተደረሰበት ትንሽ ማየት የሚተርፍላቸው አሉ። አብዛኞቹ ግን እንደታወሩ ይቀራሉ።

«አንቲባዮቲክ ሁሉ ድመት ያሳውራል» ደግሞ ውሸት ነው። አሞክሲሲሊን እንዲህ አያደርግም። ሐኪም ያዘዘላትን በፍርሃት አታቋርጡባት።

እባካችሁ፣ ስትመጡ ኪሎዋን እወቁ። አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። ያረጀች ወይም ኩላሊቷ የታመመ ከሆነች ሳንጠይቃችሁ ንገሩን፤ መድኃኒቱ ከሰውነቷ ቶሎ ስለማይወጣ አደጋው ይብሳል። ይህን መድኃኒት እየወሰደች ብሌኗ ከሰፋ ወይም ከዕቃ ጋር ከተጋጨች፣ የሚቀጥለውን ሳትሰጡ በዚያው ቀን አምጧት።

የእኚያ እናት ድመት አሁንም አለች። ወተቷ ሁልጊዜ ከምድጃው በስተቀኝ ይቀመጥላታል፣ ቦታው አይቀየርም። ጎተራውን የሚጠብቀው ግን ሌላ ድመት ነው።