የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ስንት ኃይል ይበላሉ? እንዴትስ ይታወቃል?

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መማሪያ ክፍል፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ጎን ለጎን ናቸው። ብዙ ግቢዎች ግን ይህን ሁሉ የሚያውቁት በአንድ ዋና ቆጣሪ ነው። በወሩ መጨረሻ ቢል ይመጣል፣ ፋይናንስ ይከፍላል፣ በቃ። የትኛው ሕንፃ ስንት እንደበላ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ለየሕንፃው ቆጣሪ በመግጠም ነው። ለኤሌክትሪክ ሲቲ የሚባሉት የካረንት ትራንስፎርመሮች፣ ማለትም በኬብሉ የሚያልፈውን ካረንት አሳንሰው ለቆጣሪው የሚሰጡት መሣሪያዎች፣ በየፌዙ (ኤሌክትሪክ ወደ ሕንፃው በሚገባበት በእያንዳንዱ መስመር) ኬብል ላይ ይገባሉ። ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ከማዕከል በቧንቧ ለሚደርሰው ሕንፃ ደግሞ የውኃውን ፍሰት ሲገባና ሲወጣ ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር የሚያሰላ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ገጠማው ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ዳታ የሚበላሸው እዚሁ ነው። አንድ ሲቲ ከተገለበጠ የዚያ ፌዝ ንባብ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ 200 ለ5 የሆነው (በኬብሉ 200 አምፔር ሲያልፍ ለቆጣሪው 5 አምፔር የሚሰጠው) ሲቲ ቆጣሪው ላይ 400 ለ5 ተብሎ ከተሞላ ደግሞ ሕንፃው እጥፍ የበላ ይመስላል። የሕንፃዎቹን ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር ሳያመሳክሩ ሪፖርት መጻፍ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ማወዳደር ይመጣል። የዓመቱ ኪሎዋት ሰዓት ለወለሉ ስፋት ይካፈላል። ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ግን ላቦራቶሪን ከመማሪያ ሕንፃ ጋር ካወዳደሩበት ያሳስታል። ላቦራቶሪ በካሬ ሜትር ከቢሮ ብዙ እጥፍ ሊበላ ይችላል፤ ምክንያቱም መርዛማ ጭስ የሚስቡት ካቢኔዎች የክፍሉን አየር ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ስለሚያስወጡ፣ በምትኩ የሚገባው አየር እንደገና መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ አለበት። እስከ ኔጌቲቭ 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዙት ፍሪዘሮችም ቀን ከሌት ይሠራሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የሌሊቱ ንባብ ነው። ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው ከመዘገበ በቀን 96 ንባብ ይገኛል፣ በወር ቢል ፈጽሞ የማይታየውም ነገር ይወጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ አንድ የመማሪያ ሕንፃ 40 ኪሎዋት እየሳበ ነው እንበል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው፤ ያ ጭነት ካልጠፋ 350,400 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የሰርቨር ክፍሉ መሥራት ስላለበት ይሥራ። የአየር ማናፈሻው ግን ሰዓት ስላልተሞላለት ብቻ እሑድም የሚዞር ከሆነ፣ ማስተካከሉ አዲስ ዕቃ መግዛት እንኳ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ባዶ ሲቀሩ የብዙዎቹ ፍጆታ የሰዎቹን ያህል አልወረደም፤ ብዙው ኃይል የሚሄደው ለሕንፃው እንጂ ለተማሪው እንዳልሆነ ያኔ በግልጽ ታየ።

ይህ ማለት ግን ተማሪው ምንም ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ኦበርሊን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2005 ዶርሞች በኤሌክትሪክ ቁጠባ ተወዳድረው፣ ፍጆታቸው በአማካይ 32 በመቶ ቀንሷል። ፍጆታቸውን ወዲያው ወዲያው በስክሪን ያዩ የነበሩት ዶርሞች 55 በመቶ ነው የቀነሱት። ውድድሩ የቆየው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ወስዶ የዓመት ዕቅድ ላይ መለጠፍ አይቻልም።