የዊኪ የአጻጻፍ መመሪያ ምንድን ነው?

ዊኪ ማለት አንባቢዎቹ ራሳቸው የሚጽፉትና የሚያርሙት ድረ ገጽ ነው። እዚያ አንዱን ገጽ አስር ሰው ሊጽፈው ይችላል። አንዱ አዳማ፣ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ ሲያትል ተቀምጦ ይሆናል። አይተዋወቁም፣ የሚከፍላቸውም የለም። ታዲያ ገጹ ወጥ ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው ምንድን ነው? የአጻጻፍ መመሪያው ነው። ርዕስ እንዴት ይጻፋል፣ ቀን እንዴት ይቀመጣል፣ ምንጭ የት ይገባል፣ ሰዎች ካልተስማሙ ምን ይደረጋል የሚሉትን ስምምነቶች የያዘ ገጽ ማለት ነው። እሱም ራሱ የዊኪ ገጽ ነው፤ በውይይት ይሻሻላል።

እያንዳንዱ ዊኪ የራሱ መመሪያ አለው። ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም አፍቃሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ዊኪ፣ ሜሞሪ አልፋን እንውሰድ። እዚያ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚጻፈው በእውን ስለኖረ ሰው እንደሚጻፍ ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ነው። «ካፒቴኑ መርከቧን መራ» ይባላል እንጂ «ይመራል» አይባልም። ስለ ተዋናዩና ስለ ቀረጻው ያለው ወሬ ተለይቶ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ደግሞ የልብ ወለድ ታሪክን በአሁን ጊዜ ጻፉ ይላል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ መቀላቀል ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ የራሳችን ጣጣ አለ። ከርዕስ እንጀምር። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሲነበብ አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን 12 ዓይነት ይወጣዋል። ለዊኪው 12ቱም የተለያዩ ርዕሶች ናቸው። አንድ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልግና ገጹ የለም ብሎ ያስባል። በቅንነት አዲስ ይከፍታል። በዚህ መንገድ ስለ አንድ ነገር ሁለት ገጽ ይፈጠራል፤ ይኼኛው ያለው እዚያኛው ላይ የለም፣ እዚያኛው ላይ ያለው እዚህ የለም። ጥሩ መመሪያ አንዱን አጻጻፍ ለርዕስነት ይመርጣል። ለሌሎቹ ሪዳይሬክት ይሠራላቸው ይላል፤ ማለትም ፈላጊውን ቀጥታ ወደ ዋናው ገጽ የሚልክ ገጽ። የትኛው ፊደል ነው ትክክል የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ መተው ይሻላል። ዊኪው የሚያስፈልገው በየትኛውም በር የገባ ሰው አንድ ቤት ውስጥ መገናኘቱ ነው።

ቀንም እንደዚሁ ነው። «በ2000 ተከፈተ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በየትኛው አቆጣጠር? የእኛ 2000 ዓ.ም. የገባው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። አንዲት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ስትቀር አንባቢው በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል። «ዘንድሮ» እና «በቅርቡ» የሚሉትም አያዋጡም፤ ገጹ ከአምስት ዓመት በኋላም ይነበባልና ዓመቱ ራሱ ይጻፍ።

አራት ነጥብም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለው። «።» አንድ ምልክት ነው። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተጭኖ «፡፡» የሚጽፍ ብዙ ነው። ለዓይን ያው ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው።

ወደ ገጹ ቅርጽ ስንመጣ ብዙው ነገር ከሶፍትዌሩ ጋር የተያያዘ ነው። ዊኪፒዲያም ሌሎች ብዙ ዊኪዎችም የሚሠሩት ሚዲያዊኪ በሚባል ሶፍትዌር ነው። ንዑስ ርዕስ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት የእኩል ምልክት ይደረግበታል፣ == ታሪክ == እንደሚባለው። ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ በድርብ ቅንፍ ይገባል፦ [[ጣና ሐይቅ]]። ስሙ መጀመሪያ ሲነሳ ሊንክ ከተደረገ ይበቃል፤ በየመስመሩ ሰማያዊ ሲሆን ዓይን ያደክማል። ጀማሪን በጣም የሚያስቸግረው ግን ክፍት ቦታ ነው። ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ ኮፒ ሲደረግ መስመር መጀመሪያ ላይ አንዲት ስፔስ ከቀረች ጽሑፉ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። ስፔሷን ማጥፋት ነው መፍትሔው። አዲስ አንቀጽ ለመጀመርም ኢንተርን አንዴ መጫን አይበቃም፤ በመካከል ባዶ መስመር መኖር አለበት። ይህ ሁሉ ሳይቀመጥ በፊት ቅድመ ዕይታ ላይ ይታያል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምቆምለት ሕግ የአርትዖት ማጠቃለያ ነው። ገጹን ስታስቀምጡ ከታች ወይም በሚወጣው ሳጥን ውስጥ ያደረጋችሁትን በአጭሩ የምትጽፉባት ቦታ አለች። «ዓመቱን ከዓ.ም. ወደ እ.ኤ.አ. ቀየርኩ፣ ምንጭ ጨመርኩ» ካላችሁ ቀጣዩ ሰው ይረዳችኋል። ባዶ ከተዋችሁት ይጠረጥራል። የሰውን ጽሑፍ ወደ ነበረበት ስትመልሱ ደግሞ ምክንያት መጻፍ ግዴታ መሆን አለበት። አንድ ሰው ማታውን አምሽቶ የጻፈውን ጠዋት ያለ አንዲት ቃል ተሰርዞ ካገኘው አይመለስም። በትንሽ ዊኪ ላይ አንድ ጸሐፊ ማጣት ትልቅ ጉዳት ነው። መመሪያው ለማባረሪያ አልተጻፈም። አዲስ ሰው ሊንክ ባይችል ሌላው ያስተካክልለታል፤ የቀድሞው ቅጂ በሙሉ በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ተበላሽቶ የሚቀር ነገር የለም።

ካልተስማማችሁ ቦታው የውይይት ገጹ ነው። ገጹ ላይ መሰራረዝ አያዋጣም። ሐሳባችሁን ጻፉና መጨረሻው ላይ ይቺን ምልክት (~) አራት ጊዜ አድርጉ፣ እንዲህ፦ ~~~~። ሶፍትዌሩ ስማችሁንና ሰዓቱን ራሱ ያስገባል።

ገና ለሚጀምር ሰው ረጅም ገጽ መጻፍ ግድ አይደለም። «፡፡» የሚለውን በ«።» መተካት፣ የጎደለ «ዓ.ም.» መጨመር፣ ለ«ጸሀይ» ሪዳይሬክት መክፈት ይቻላል። ለእነዚህ አካውንት የማይጠይቁ ዊኪዎችም አሉ።