የፕሪንተር ድራይቨር ምንድን ነው? ፒችትሪ በአዲሱ ዊንዶውስ አላትምም ሲል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት ደግሞ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን የሚያሳውቁበት የመጨረሻ ወር መሆኑን የደሴና የኮምቦልቻ የሂሳብ ሠራተኞች አሳምረው ያውቁታል። በዚህ ጥድፊያ መሃል ኮምፒውተሩ ወደ ዊንዶውስ 11 ይቀየራል። የሂሳብ መዝገብ የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ይከፈታል፤ ከሂሳቡ የጎደለ የለም፤ የሂሳቦቹን ቀሪ የሚዘረዝረው ሪፖርት፣ ትሪያል ባላንሱ፣ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ፕሪንት» ሲባል ግን ወረቀት አይወጣም።

ወዲያው ጥፋተኛ የሚባለው ፒችትሪ ነው። ይጠፋና እንደገና ይጫናል፤ ባስ ሲልም ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የድርጅቱ ሂሳብ ያለበት ፎልደር ባክአፕ ሳይወሰድለት በዚህ ግርግር ሊጠፋ ይችላል፤ ብልሽቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከፒችትሪ ውጭ፣ ድራይቨር በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ዘንድ ነው።

ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። ፒችትሪ ስለ ፕሪንተሩ አሠራር የሚያውቀው ነገር የለም፤ «ይህ ቁጥር በዚህ ቦታ ይጻፍ» ብሎ ለዊንዶውስ ይነግራል። ፕሪንተሩም ፒችትሪን አያውቅም፤ የሚሰማው የራሱን የትእዛዝ ቋንቋ ብቻ ነው፦ በመርፌ እየመቱ የሚጽፉት የኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ፕሪንተሮች ኢኤስሲ ፒ የተባለውን፣ ብዙዎቹ የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተሮች ፒሲኤል የተባለውን። ድራይቨሩ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያስረዳል። የተሳሳተ ድራይቨር ከተጫነ ፕሪንተሩ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ገጽ ሙሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ያወጣል።

ታዲያ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ አለ? ዊንዶውስ በ32 ቢት ወይም በ64 ቢት ሊሠራ ይችላል፤ ቢት ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን መለኪያ ነው። ዊንዶውስ 11 የወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ ለ32 ቢት ዊንዶውስ በተሠራ ድራይቨር አያትምም። ከዓመታት በፊት ከፕሪንተሩ ጋር የመጣው ሲዲ ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚያጣው ለዚህ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ፒችትሪ 2010 ራሱ ባለ 32 ቢት ሆኖ ሳለ መከፈቱ ነው። ዊንዶውስ ለአሮጌ ፕሮግራሞች ይህን ያህል ቸርነት አለው፤ ለአሮጌ ድራይቨሮች የለውም።

አዲሱ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ሲያጣ ለብዙ ሞዴል ይሆናል ያለውን አጠቃላይ ድራይቨር ሊመድብ ይችላል። ተራ ደብዳቤ በዚህ አምሮ ይታተማል። የሂሳብ ሰነድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚሠራበትን ባለ ብዙ ቅጂ ሰነድ አስቡት። እሱን የሚያትመው ዶት ማትሪክስ ነው፤ መርፌዎቹ በሪባኑ ላይ እየመቱ ከታች ያሉትን ቅጂዎች ጭምር ስለሚጽፉ ሌዘር አይተካውም። ተያያዥ ወረቀቱ የራሱ ቁመት አለው። ድራይቨሩ ያንን ቁመት ካላወቀ አንዱ ሰነድ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ቀጣዩ ይብስበታል፣ ጥቂት ቆይቶም ድምሩ ከሠንጠረዡ ወጥቶ በሚቀጥለው ቅጽ ራስጌ ላይ ይቀመጣል። ሌዘሩም የራሱ ጣጣ አለው። ፒችትሪ የአሜሪካ ሶፍትዌር ስለሆነ ቅጾቹ የተነደፉት ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ለሆነው ሌተር ወረቀት ነው፤ እኛ የምንጠቀመው ኤ4 ደግሞ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ድራይቨሩ ሲቀየር የወረቀቱ ልክ ወደ ሌተር ከተመለሰ ፕሪንተሩ ኤ4 በሆዱ ይዞ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ሌተር ይጠብቃል። ተበላሸ ይባላል፤ አልተበላሸም።

ስለዚህ ከደሴ የተጠራው ባለሙያ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ኖትፓድን፣ ከፍታችሁ አንድ መስመር ጻፉና አትሙ። ኖትፓድም ካላተመ ችግሩ ከድራይቨሩ፣ ከገመዱ ወይም ከዊንዶውስ ነው፤ ፒችትሪን አትንኩት። ኖትፓድ አትሞ ፒችትሪ ብቻ እምቢ ካለ ወደ የትኛው ፕሪንተር እየላከ እንደሆነ ተመልከቱ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዋናውን ፕሪንተር ራሳቸው እንዲመርጡ የሚያደርግ ቅንብር አላቸው፤ ሲበራ መጨረሻ የታተመበትን ዋና ያደርገዋል። ዊንዶውስ ፒዲኤፍ ማውጫውንም እንደ አንድ ፕሪንተር ስለሚቆጥረው፣ ጠዋት አንድ ሰው ፒዲኤፍ ካወጣ ከሰዓት የታዘዘው ደረሰኝ ወደ ፒዲኤፍ ሊሄድ ይችላል። በሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ይህ ቅንብር መጥፋት አለበት ባይ ነኝ። የዩኤስቢ ገመዱ ወደ ሌላ ቀዳዳ ከተሰካም ዊንዶውስ ያንኑ ፕሪንተር «ኮፒ 1» ብሎ እንደ አዲስ ሊመዘግበው ይችላል፤ ያኔ ፒችትሪ በድሮው ስም እየላከ ይቀራል።

በኅትመት መሃል መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ችግር ከዚህ ይለያል። ለኅትመት የተላከ ሰነድ ስፑለር በተባለ ወረፋ ውስጥ ይቆያል፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠው ፋይል ወረፋውን ሊዘጋው ይችላል። የፕሪንት ስፑለርን አገልግሎት አቁሞ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም32 በተባለው ሥር፣ ስፑል ውስጥ ያለውን ፕሪንተርስ የተባለ ፎልደር ባዶ አድርጎ፣ አገልግሎቱን መልሶ ማስነሳት ነው።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ከፒችትሪ ባክአፕ ይወሰድና ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ድራይቨሩ በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር፣ ለ64 ቢት ዊንዶውስ የተሠራው ተመርጦ፣ ከፕሪንተሩ አምራች ድረ ገጽ ይወርዳል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የከረመውን አትመኑት፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አምራቹ ለአሮጌው ሞዴል አዲስ ድራይቨር ካላወጣ፣ ያንኑ የትእዛዝ ቋንቋ የሚጠቀም የሌላ ሞዴል ድራይቨር ሊሠራ ስለሚችል መሞከር አለበት። ሪፖርት ብቻ ከሆነ በፒዲኤፍ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ማተም ይበቃል። ባለ ብዙ ቅጂው የመጋዘን ሰነድ ግን በዚህ አይፈታም፤ ለእሱ በድሮው ዊንዶውስ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ከኢንተርኔት አውጥቶ ከዶት ማትሪክሱ ጋር እዚያው መጋዘን ማቆየትና አዲሱን ለሂሳብ ክፍሉ መተው ይሻላል።