ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደገም ሲናር ለምን ይነግሣል? ሰብል ማፈራረቅና አረም

ሰብል ማፈራረቅ ማለት አንድ ማሳ ላይ ያንኑ ዘር በየዓመቱ ከመድገም ስንዴውን በባቄላ፣ ገብሱን በአተር፣ ጤፉን በሽምብራ እየተኩ መሄድ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ለአፈሩ ያለውን ጥቅም ነው፣ ጥራጥሬ ናይትሮጅን ይጨምራል ምናምን፣ እሱም እውነት ነው፣ ግን ኬሚካል ለማይረጭ ገበሬ ትልቁ ጥቅሙ አረሙ ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው።

አረም ከሰብሉ ጋር ቀጠሮ አለው። አርሲና ባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ በሚዘራበት አገር ሲናርን፣ ማለትም የዱር አጃውን እዩት፣ ከስንዴው ጋር ይበቅላል፣ ቡቃያ እያለ ቁርጥ ስንዴ ነው፣ ከዛ ስንዴው ሳይታጨድ ቀድሞ ፍሬውን ያራግፍና አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ለመለየት ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት ነው፣ ስንዴ እዛ ጋ ትንንሽ ጆሮ የመሰሉ ነገሮች አሉት፣ ሲናር የለውም። እንደዚ እያጎነበሱ አንድ ጥማድ ማረም ወገብ ይቆርጣል። የሚረጨውም ቢሆን ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው፣ ሲናር ግን ሣር ስለሆነ ይተርፋል።

እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ብሮድባልክ የሚባል ማሳ ላይ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ ኖሯል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእጅ የሚያርም ሰው ሲጠፋ አረሙ በረታባቸውና በኋላ ማሳውን በየተራ ጦም ወደማሳደር ገቡ።

ባቄላ ሲዘራ ነገሩ ይገለበጣል። ሰፋፊ ቅጠል መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ ሣር ከሩቅ ይታያል፣ ሕፃን ልጅም ይነቅለዋል። ሽምብራ ደሞ በጊዜው ነው የሚያሸንፈው፣ አድአ ጥቁር አፈር ላይ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ስለሆነ ክረምቱን የበቀለው አረም ፍሬ ሳይዝ በማረሻ ይገለበጣል። ኑግ ከተነሳ በኋላ የተዘራ እህልም አረሙ ይቀልለታል።

የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚኖረው ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራ፣ ለብቻው ጉድ ነው። አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ይበትናል፣ ዘሩ ከ10 ዓመት በላይ ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል፣ የሚነቃው ከሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ጥጥና አኩሪ አተር እዚ ጋ ያታልሉታል፣ ሥራቸው ይቀሰቅሰዋል ግን የሚጣበቅበት ስለማያገኝ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በአንድ ክረምት ግን አያልቅም፣ ደጋግሞ መዝራት ይጠይቃል።

ሰርዶና እንግጫ ላይ ማፈራረቅ ብቻውን አይበቃም፣ ከመሬት በታች ስለሚሄዱ ደጋግሞ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ማውጣት ነው። ባቄላም ቢሆን በላይ በላዩ ከተደገመ የራሱ ጠላት አለው፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ ኦሮባንኪ የሚባለው ጥገኛ አረም የባቄላውን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ባቄላ እስከማስተው አድርሶታል፣ ስለዚ ባቄላውም ራሱ ተራ ይዞ እንጂ በየዓመቱ መመለስ የለበትም።