ጓሮ ውስጥ አድልቦ ስለማረድ በጅማ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ከቤት ጀርባ ለአረፋ ወይም ለፋሲካ የሚደልብ በግ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ስለነዚህ እንስሳት ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከብቱን ያሠቃያሉ፣ አንዳንዶቹ በላተኛውን ያሳምማሉ።

«በእጁ ያሳደገውን የሚያርድ ጨካኝ ነው»

ይህን ብዙ ጊዜ የምሰማው ሥጋ በኪሎ ከሚገዙ ሰዎች ነው። ልኳንዳ ቤት የተሰቀለው በሬም አሳዳጊ ነበረው። አይሱዙ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ውሃ ቀምሶ እንደሆነ፣ ስንት ዱላ እንዳረፈበት ገዢው የሚያውቀው የለም። ማረዱን ለሌላ ሰው መተው ደግሞ ከኃላፊነቱ አያወጣም። ያሳደገ ሰው ግን ከብቱ ምን በልቶ፣ የት አድሮ፣ እንዴት እንደሞተ ያውቃል፤ አላየሁም ማለት አይችልም።

ሥጋ ጭራሽ አልበላም የሚል ሰው ክርክሩ ሌላ ነው፤ በቁም ነገር ሊሰማ ይገባዋል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋ የሚርቅ ሕዝብ ያለ ሥጋ መዋል ማደር እንደሚቻል ጠንቅቆ ያውቃል። እኔ እበላለሁ፤ ስለዚህ መመለስ ያለብኝ ጥያቄ እንስሳው እኔ ዘንድ ሳለ እንዴት ኖረ የሚለው ነው።

«ዞሮ ዞሮ ለሚታረድ ከብት ምን ያስጨንቃል?»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። ሞቱ የደቂቃ ነገር ነው፤ ኑሮው ግን የወራት ነው። በአጭር ገመድ ታስሮ፣ በጅማ ክረምት ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚያድር በግ ሰኮናው ይቆስላል፣ ያነክሳል። ሙክት ለማድረግ ቆለጡን በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥም ዛሬ ድረስ አልቀረም። የእንስሳት ሐኪም ቡርዲዞ በሚባል መቆንጠጫ ሲሠራው ቆዳው ሳይከፈት የዘር ቱቦውንና የደም ሥሩን ይጨፈልቀዋል። እሱም ያማል፤ ስለዚህ ገና ግልገል ሳለ ይሠራ፣ ማደንዘዣም ይጠየቅለት።

ዶሮዋንም እንይ። ከገበያ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትመጣው። ዶሮ እንደኛ ደረቷን ከሆዷ የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፣ መተንፈስ ይቸግራታል። ክንፏን ሰብስቦ በብብት መያዝ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

«መንገድ ላይ የተለቀቀ በግ ነፃ ነው»

ከተማ ውስጥ የሚጠብቀው ሣር ሳይሆን የቆሻሻ ክምር ነው። ከልጣጩ ጋር ፌስታል ይውጣል። ፌስታል አይፈጭም፤ ጨጓራው ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፣ በጉም ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ጥላ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሣርና ፉርሽካ ያለበት ግቢ ይሻለዋል፤ በግ ብቻውን ሲሆን ስለሚረበሽ ከተቻለ ሁለት ሆነው ይደጉ።

«ቤት ያደገ ስለሆነ ምርመራ አይፈልግም»

ቄራ የሚታረድ ከብት ከመታረዱ በፊትም በኋላም ሐኪም ያየዋል፤ ጓሮ የታረደውን ማን ያየዋል? በጅማ ቄራ የተሠሩ ጥናቶች የጉበት ትል በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ትሉ የሚተላለፈው ውሃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ስለሆነ፣ እንደ ቦዬ ባለ ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት በቀላሉ ይይዘዋል።

ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ለውሻ አይጣልም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሌላ ትል እጭ ነው፤ ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ከውሻው ጋር ወደሚጫወቱት ልጆች አፍ ይገባል። ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቀብሮ ነው የሚወገደው። የበሬ ሥጋ ላይ ያለ የኮሶ እጭ ደግሞ ከብቱ በቁሙ ሳለ አይታወቅም፤ ቁርጥ የሚወድ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ከብቱ እጩን የሚያገኘው ከሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ የግቢው ሽንት ቤት ንጽሕናም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

የመድኃኒት ነገርም አለ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት፣ ከመርፌው በኋላ እንዲጠበቅ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አይታረድም፤ በዓሉ ቢደርስም፣ ቅርጫ የገቡት ጎረቤቶች ቢቆጡም። እነሱ ያመኑት የአሳዳጊውን ቃል ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባለባት ከተማ ሐኪም ጠርቶ ማሳየት ደግሞ ለማንም ሩቅ አይደለም።

«ሃይማኖቴ ፈቅዶልኛል፣ ሌላ ጥያቄ የለም»

ፈቃዱ ከግዴታ ጋር ነው የመጣው። በእስልምና ቢላው ስል ይሁን ይባላል፣ በእንስሳው ፊት ግን አይሳልም፤ አንዱ ሌላው እያየ አይታረድም። ለአረፋም የታመመ፣ በግልጽ የሚያነክስ ወይም የመነመነ አይቀርብም። በክርስቲያኑም ቤት ባርኮ የሚያርድ አባወራ በደነዘ ቢላ ሲገዘግዝ ያየ ሽማግሌ ዝም ሊል አይገባም።

ሥጋውም ይመሰክራል። ከመታረዱ በፊት ሲባረርና ሲደናገጥ የቆየ እንስሳ ጡንቻው ውስጥ ያከማቸው ስኳር ያልቃል፤ ከሞተ በኋላ ሥጋው የሚያስፈልገውን ያህል አሲድ ስለማይሠራ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

«ልጆች ስም ያወጡለት በግ አይታረድም»

ይታረዳል፤ ልጁ ግን መዋሸት የለበትም። «ገጠር ሄደ» ተብሎ ማታ ሥጋው የቀረበለት ልጅ አንድ ቀን ይደርስበታል። በጉ ግቢ በገባ ዕለት ለምን እንደመጣ ይነገረው። በማረጃው ቀን ማየት ካልፈለገ ጎረቤት ቤት ይዋል፤ ሥጋውን አልበላም ካለም አይገደድ።