«አማካሪው የሚለኝን ካደረግሁ ይበቃል»፦ ስለ ሥነ ልቦና ምክር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሥነ ልቦና ምክር እያስፈለጋቸው ሳይሞክሩት የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ሞክረው ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ድምፃቸውን አጥፍተው የሚቀሩም አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ እነዚህኞቹ ናቸው፤ ደፍረው ከመጡ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያስቀራቸው ስለ ምክሩ ይዘውት የመጡት ግምት ነውና።

«አማካሪው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይነግረኛል»

አማካሪ «ትዳርህን ፍታ»፣ «ሥራሽን ልቀቂ» ብሎ አይፈርድም። ከውሳኔው ጋር የሚኖረው ባለጉዳዩ ነው። እንዲህ ሲባል ግን አማካሪው ራሱን እየነቀነቀ ሰዓቱን ይጨርሳል ማለት አይደለም። ይጠይቃል፤ ሰውየው ያላስተዋለውን ተደጋጋሚ ነገር ያሳየዋል፤ ጭንቀትን የሚቋቋምበትን ዘዴ ያለማምደዋል፤ የቤት ሥራም ይሰጠዋል።

«ድብርት ያው ድብርት ነው፤ ሕክምናውም ለሁሉም አንድ ነው»

ድብርት ምን ያህል እንደበረታ የሚለካ፣ ፒኤችኪው-9 የሚባል 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 16 አመጡ እንበል። አንደኛዋ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ከቤት መውጣት ትታለች። ሌላው ሥራውን በአግባቡ ይሠራል፤ ሌሊት ግን «እኔ ለምንም የማልረባ ሰው ነኝ» ከሚል ሐሳብ ጋር ሲታገል ያድራል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ይለያያል። ለእሷ ሐዘኑ ቦታ ካገኘ በኋላ በቀንና በሰዓት የተወሰኑ ትንንሽ ተግባሮች ይታቀዳሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ወጣ ብሎ መመለስም አንድ ተግባር ነው። እሱ ደግሞ ሐሳቡን እንደመጣ ጽፎ «ለዚህ ማስረጃዬ ምንድን ነው?» ብሎ መመርመርን ይለማመዳል፤ አሮን ቤክ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ካዳበረው ሕክምና የመጣ ዘዴ ነው።

«ለእኔ ተብሎ የሚዘጋጅ ከሆነ ዘዴ የለውም ማለት ነው»

ይህን ከሁሉ አጥብቄ እቃወማለሁ። ድንገተኛ ድንጋጤ እየመጣበት «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ የሚፈራ ሰው፣ ሐኪም ልቡ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠለት በኋላ፣ የሚፈራውን ስሜት ቀስ በቀስ መጋፈጥ ይኖርበታል። ለምሳሌ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሆን ብሎ በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ከዚያም ያልፋል። አንዱ በ10 ሰከንድ ይጀምራል፣ ሌላው አንድ ደቂቃ ይችላል። አንዱ ምክንያቱ በደንብ ሲብራራለት ይደፍራል፤ ሌላው አማካሪው አብሮት ሲያደርገው ነው የሚቀለው። ከሰውየው ጋር የሚስማማው እንግዲህ መጠኑ፣ ፍጥነቱ፣ ቅደም ተከተሉና አቀራረቡ ነው። «ደስ አላለውም» ብሎ ልምምዱን ጨርሶ የሚተው አማካሪ ያዘነለት ቢመስለውም የሚያድነውን ነገር ነስቶታል። በየጊዜው ለውጡን መመዘንም የሥራው አካል ነው፤ ሳምንታት አልፈው ምንም ለውጥ ከሌለ ዕቅዱ መቀየር አለበት።

«ከአማካሪዬ ጋር ካልተግባባን ምክር ለእኔ አይሆንም ማለት ነው»

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 የአማካሪንና የባለጉዳይን ትስስር በሦስት ነገሮች አስረድቶታል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በመካከላቸው ያለው መተማመን። ይህ ትስስር ከውጤቱ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ «የምንሠራው ነገር እየጠቀመኝ አልመሰለኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ አማካሪው ይህን ካልሰማ ምን ያስተካክላል? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህም ይሠራል። ተነግሮት ካልተሻሻለ ሌላ አማካሪ መፈለግ መብት ነው።

«ኦንላይን ምክር ለይስሙላ ነው»

ለድብርትና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጥን ሕክምና ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በአማካይ ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። አንዳንዴ እንዲያውም ቤት መሆን ይጠቅማል። ምድጃውን አጥፍቶ ሃያ ጊዜ ተመልሶ የሚያይ ሰው አስቡ። ስልኩን ይዞ ኩሽና ይገባል፤ ምድጃውን አንዴ ያጠፋል፤ በሩን ቆልፎ ይወጣል። «አሁን ጭንቀትዎ ከ10 ስንት ደረሰ?» ይለዋል አማካሪው በቪዲዮ። «9።» «ሳንመለስ እንቆይ።» እጁ ወደ በሩ እጀታ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ «7» ይላል። ቢሮ ውስጥ ያ ምድጃና ያ በር የሉም።

የሚጎድል ነገርም አለ። የሚንቀጠቀጥ እግር ስክሪኑ ላይ አይታይም። ድንገት ዝም ሲባል ኔትወርክ ይሁን እንባ ለመለየት መጠየቅ ግድ ነው።

ኦንላይን ለሁሉም ይሆናል ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። የሚደበድባት ሰው ከግድግዳው ማዶ ያለ ሴት በነፃነት ልትናገር አትችልም። ራሱን ለማጥፋት የተቃረበ ሰው አጠገቡ የሚደርስለት ሰውና የድንገተኛ እርዳታ ያስፈልገዋል። ኃላፊነት የሚሰማው አማካሪ የት እንዳሉ፣ ለክፉ ቀን ማን እንደሚደወልለት፣ መስመሩ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጠይቃል። ካልጠየቀ እርስዎ ያንሱት።

«የነገርኩት ሁሉ ይወጣል»

አይወጣም። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። የተወሰኑ ገደቦች ግን አሉት፦ የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲበደል፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ።

«አንዴ ከተጀመረ ማብቂያ የለውም»

ቤክ የጀመረው ዓይነት ሕክምና ለብዙ ችግሮች ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ ሥር የሰደደ ነገር ሲሆን ይረዝማል። ማብቂያውም ይታቀዳል፦ ቀጠሮዎቹ ይራራቃሉ፣ ችግሩ ሊመለስ ሲል የሚታዩት ምልክቶች ይጻፋሉ፣ ምልክቶቹ ሲታዩ ምን እንደሚደረግና መቼ ተመልሶ መደወል እንደሚገባም አብሮ ይጻፋል።